መስመር እንደሌለኝ ማስረጃ አምጣ ላሉኝ ኃላፊ

ለሰገነት መገናኛ የአምቦ ቅርንጫፍ ኃላፊ
ካሉ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነወንበርዎና ወንበሩ ላይ ከሚንጠለጠለው ኮትዎ ጭምር ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ፊትዎን ለማየት እስካሁን አልታደልኩም፤ ኮትዎን ግን ከጥር ወር ጀምሮ በሚገባ ተዋውቄዋለሁ፣ ግራጫ ነው፣ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የቢሮዎ ደረጃ በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴን አጠንክሮልኛልና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ስሜ ሆርዶፋ ዱጋሳ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭልሞን ደን ጠብቄ ጡረታ የወጣሁ፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ቤት የምኖር፣ ሚስቴን ዘነበወርቅን ከቀበርኩ አራት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ሆሄ ብስት ይለፉኝ። ልጄ ሃዊ በኮምፒውተር ልጻፍልህ ብላኝ እምቢ አልኳት፤ የተቆጣ ሰው በራሱ እጅ ነው የሚጽፈው። ሦስት ቅጂ ጽፌያለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለእድራችን ሰሌዳ፣ አንዱ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ላለው ሻይ ቤት ግድግዳ ነው። ሠራተኞችዎ ብዙውን ቀን እዚያ ስለሚውሉ ቶሎ ያነቡታል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃዊ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ትሠራለች። በአፋን ኦሮሞ የተቀዳ ንግግር በኢንተርኔት ይላክላታል፣ እሷ እያዳመጠች ጽፋ ትመልሳለች። ከእናቷ ሞት በኋላ ከእኔ ጋር ለመኖር የቻለችው ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ነው። በሞባይል ጥቅል እሠራለሁ ብትል ጥቅሉ ደመወዟን እንደ ነቀዝ በላው፤ ድምፁም መሐል ላይ እየተቆረጠ ሥራው ይዘገያል። ድርጅቱ አሁን ወይ እስከ ሰኔ መጨረሻ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ቤትሽ አስገቢ፣ ወይ አዲስ አበባ መጥተሽ ቢሮ ተቀመጪ ብሏታል። ሰኔ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አይቻለሁ። እኔ እንዳላየሁ ሆኛለሁ፣ እሷም እንዳላየኋት ሆናለች።

በጥር ወር በራችሁ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚስቅበት ትልቅ ሥዕል ሰቅላችሁ ነበር። የመስመር ስልክ ለሌለው ቤት ያለ ሽቦ የሚሠራ ኢንተርኔት፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ይላል። በማግስቱ ማለዳ በራችሁ ሳይከፈት ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን መልካም ነገር በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፦ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ሄቨን የተባለች ልጅ፣ በጣም ትሑት ናት፣ ኦቦ ሆርዶፋ፣ የመስመር ስልክ እንደሌለዎት ከፎቅ ማስረጃ ያምጡ አለችኝ። ፎቅ ወጣሁ። እዚያ ያሉት ደግሞ እኛ መስመር ላለው እንጂ ለሌለው የምንጽፍበት ቅጽ የለንም አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በጭልሞ የጥዱን፣ የወይራውንና የዝግባውን ግንድ እየቆጠርኩ በየወሩ ለአለቃዬ አስረክብ ነበር፤ የሌለውን ዛፍ ቆጥረህ ና ያለኝ አለቃ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም አልገጠመኝም። እንዲህ ያለ የረቀቀ አሠራር በእርስዎ ዘመን በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

ሁለተኛ፦ በመጋቢት ሮቤራ የሚባል ቴክኒሻን ቤቴን አይቶ እንዲያረጋግጥ ላካችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም፣ ሰው ነኝ። ቤቴ ውስጥ ስልክ አለ። በ1992 ሲገባ በሰፈሩ ብቸኛው ነበር፤ ከጉደር ልጅ ተወለደ፣ ከጊንጪ ሰው ሞተ ሲባል ዘነበወርቅ ነጠላዋን አንጠልጥላ ከቤት ቤት እየሮጠች ባለጉዳዩን ትጠራ ነበር። በ2011 መንገዱ ሲሰፋ ዶዘር ምሰሶውን ከነሽቦው ወሰደው። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፣ ሦስት ጊዜ ይቀጠላል ተባልኩ፤ እሷ እንደ ጠበቀችው ሞተች። ስልኩን ግን እሷ በሠራችው ዳንቴል ሸፍኜ ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ።

ሮቤራ ሲመጣ ሃዊ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝምና ራሴ የሠራሁትን ጨጨብሳ በቅቤ አቀረብኩለት። እየበላ ዳንቴሉን አየና፣ ኦቦ፣ ይህ ስልክ ይሠራል እንዴ አለኝ። የሰው ልጅ በገዛ ቤቱ፣ በእንግዳ ፊት፣ የቤቴ ዕቃ ሙት ነው ይላል? የእኔ ቤት ስልክ ለምን አይሠራም አልኩት። እጁ ቅቤ ስለነበር፣ የእናንተን ዕቃ አላቆሽሽም ብሎ እጀታውን አላነሳም። በአፌ አመነ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ይባረኩ። ሲወጣ በወረቀቱ ላይ መስመር አለ፣ ይሠራል ብሎ ጻፈ።

እኔ በኩራቴ አንድ ቀን ዋሸሁ፤ በማግስቱ ግን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ መዋሸቴን በአደባባይ ተናገርኩ። ይህ ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። የእናንተ ወረቀት ግን አንዴ ከዋሸ አይመለስም ተባልኩ።

ሦስተኛ፦ እንግዲያው መስመሩን ሰርዙልኝ ብል፣ መስመሩ በወይዘሮ ዘነበወርቅ ስም ስለሆነ በአካል ቀርበው ይፈርሙ አላችሁ። ያለችበትን ቦታ በትሕትና አመለከትኩ። የሞት ምስክር ወረቀት አምጣ አላችሁ፣ አመጣሁ።

አራተኛ፦ የቤት ካርታ አምጣ አላችሁ፣ አመጣሁ። ካርታው ላይ ሀገረ ሕይወት ስለሚል፣ ቅርንጫፋችን የሚያገለግለው አምቦን ነው፣ ወደሚመለከተው ከተማ ይሂዱ ተባልኩ። ሀገረ ሕይወት የአምቦ የቀድሞ ስሟ መሆኑን ከወረፋው ውስጥ ስድስት ሽማግሌ መሰከሩልኝ። ሽማግሌ ማኅተም የለውምና ምስክርነታቸው አልተመዘገበም።

አምስተኛ፦ ኃላፊው ይፍቱልኝ ብዬ አሥራ አንድ ጊዜ መጣሁ። አሥራ አንዱንም ጊዜ የሉም። ኮትዎ ግን አንድም ቀን ሳይቀር በሥራው ላይ ተገኝቷል፤ የደረጃ ዕድገት ይገባዋል እላለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሥዕላችሁ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይስቃል። የእኔ ቤተሰብ አንዲት ልጅ ናት። በጠዋት አባኮ ብላ የምትጠራኝ፣ ማዶ ክፍል ሆና ጣቶቿ ሲንኳኩ የምሰማት እሷ ናት። እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና ስልኩ ነን፣ ሁለታችንም የማይደወልልን። ይህን የጻፍኩት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። የምታደርጉትን እንድታውቁት ነው።

ስለዚህ ሰኞ በሁለት ሰዓት ስልኩን ከነዳንቴሉ ተሸክሜ መጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አኖረዋለሁ። እጅዎ ቅቤ ከሌለው እጀታውን አንስተው ጆሮዎ ላይ ያድርጉት። እዚያ ውስጥ የሚሰሙት ነገር ዘነበወርቅ እስክትሞት ስታዳምጠው የነበረው ነው። ከሰሙ በኋላ መስመር የለም ብለው ይጻፉልኝና በእኔ ስም ሽቦ አልባውን ያስገቡልኝ። ዋጋውን ይዤ እመጣለሁ፤ ልመና አላውቅም።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይቆራረጥ ጤናና ቁልፉ የተሟላ ኮት እየተመኘሁ፣

የአግዳሚ ወንበርዎ ቋሚ ደንበኛ፣
ሀገረ ሕይወት በምትባል አምቦ ነዋሪ፣
ሆርዶፋ ዱጋሳ

ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ ያስታወስሁት፦ ሰኞ ስመጣ እንደ ልማድዎ ከሌሉ፣ አለመኖርዎን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ለሄቨን ትተውልኝ ይሂዱ። ለዚያ የሚሆን ቅጽ ከሌላችሁ ግን እኔም እንደ እናንተ ደንብ አሉ ብዬ እቈጥርዎታለሁ፤ ስልኩን አቅፌ እስኪመጡ ወንበርዎ ላይ፣ ከኮትዎ ጋር እቀመጣለሁ።