ስለ ባልቴቷ ጭስ እና ስለታሸጉት የጣሪያ መስኮቶች

ለክቡር የምድር ባቡር ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ እርስዎና ቤተሰብዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ፣ በቢሮዎ መስኮት የሚገባው ነፋስም እንዳልተጓደለብዎ ያለኝን ጽኑ ተስፋ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ከሁሉ በላይ ለሳንባዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ሳንባ በድርጅትዎ መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ የማይገኝለት ዕቃ መሆኑን ቤተሰባችን በቅርቡ ተረድቷልና።

ማን እንደሆንኩ ላስታውቅ። በሙያዬ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ በፍቅሬ የባቡር ወዳጆች ማኅበር አባል ነኝ፤ በዝምድና ደግሞ በጋራዥዎ ውስጥ ባልቴቷን ሲጠግን ጸጉሩን ያሸበተው መካኒክ የወንድሙ ልጅ ነኝ። ሦስቱ ማንነቶቼ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ዛሬ አንዱ ሌላውን ስለከሰሰ ጉዳዩን ወደ እርስዎ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ የማወጣውም ክቡርነትዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ በዝግ ፖስታ የላክናቸው ማመልከቻዎች መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ በመስጋት ብቻ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች እንዳይደናገሩ፣ ባልቴቷ የምንላት አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ከመምጣታቸው በፊት መንገደኛ ስታመላልስ የኖረች አሮጌ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ናት። አፍንጫዋ ደፍጣጣ ነው፤ ቀለሟ ተላልጦ ከሥሩ የቀድሞው ቀለም፣ ከዚያም ሥር የቀድሞው ቀዳሚ ይታያል። ጤናማ አእምሮ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ብረት ለማየት ከሞቀ አልጋቸው ለምን እንደሚነሱ ብዙ ጊዜ ተጠይቀናል። መልሱ ቀላል ነው። አዲሱ ባቡር እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል፣ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል፤ ባልቴቷ ግን የምትሠራውን ሥራ ከማንም አትደብቅም። መጀመሪያ ታቃስታለች፤ ቀጥሎ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ትተፋና፣ ጆሮ ከመስማቱ በፊት ደረት የሚሰማው ምት ይጀምራል። ድካሙ በግልጽ የሚታይ ማሽን ሰውን ይመስላል፤ የምንወዳትም ስለዚህ ይመስለኛል። ሰውን ራሱን የምናየው ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ለይቼ ማስቀመጥ ስላቃተኝ በአንድ ተራ ቁጥር አቅርቤአቸዋለሁ።

፩. ባልቴቷን ከቁራጭ ብረት ነጋዴዎች አትርፈው የቅዳሜ ማለዳ ትርኢት ስላደረጓት ከልብ እናመሰግናለን። ቀድሞ ልትነሳ ስትል ሌላ ሎኮሞቲቭ ጎትቶ ወደ ግቢው ያወጣት ነበር፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚነሳው ከሰማይ በታች ነው የሚለው የመካኒኮቹ ልማድ፣ ተጽፎ ባይለጠፍም፣ ከማንም አለቃ ትእዛዝ በላይ የተከበረ ነበር። እርስዎ ግን ተመልካቹን ፀሐይና ነፋስ እንዳያገኘው አዝነው፣ ማስነሳቱ በጋራዡ ውስጥ እንዲሆን አዘዙ፤ ለእኛም በመስታወት የተከለለ፣ ለስላሳ ወንበር የተደረደረበት ሰገነት አሠሩልን። መስታወቱ እጅግ ጥሩ ነው። ጭስ አያስገባም።

፪. ከአባሎቻችን አንዱ፣ የሞተር ድምፅ በመቅረጽ ስለሚታወቅ ጆሮ የምንለው ሰው፣ በጣሪያው መተንፈሻ መስኮቶች የሚገባው ነፋስ ቀረጻውን እንደሚያበላሽበት፣ ጭሱም ፎቶ ሳይነሳ እንደሚያመልጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ለሹማምንትዎ ቅሬታ አቀረበ። መካኒኮቹ ለዓመታት የጠየቁት የአየር ማራገቢያ እስከ ዛሬ በጥናት ላይ ያለ ሲሆን፣ የጆሮ ቅሬታ ግን ሳምንት ሳይሞላው መልስ አገኘ፤ መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተሸፍነው በብየዳ ታሸጉ። ብልህና ጭስ መውጫ አያጡም ይባል ነበር። የአባባሉን ግማሽ ውድቅ በማድረግዎ የሥነ ቃል አጥኚዎች ውለታዎን አይረሱም፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ብልሆቹ መካኒኮች አስቀድመው ሥራ በመቀየር አረጋግጠውልናል። አጎቴ ብልህ አይደለም። ባልቴቷን ይወዳል።

፫. የጭሱ መጥቆር የናፍጣ መርጫዎቿ ከማርጀታቸው የመጣ መሆኑን አጎቴ ገልጾ፣ አዲስ እንዲገዛላት ጠይቆ ነበር። ከደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ የመጣው ምላሽ፣ ተመልካቹ የሚመጣው ለጭሱ በመሆኑ ጭሱን መቀነስ የድርጅቱን ገጽታ እንደሚጎዳ በትሕትና የሚያስረዳ ነበር። በዚያን ጊዜ እኛ ቤት አጎቴ በደረጃው ሲወጣ የትኛው ወለል ላይ እንደደረሰ በሳሉ ማወቅ ከጀመርን ቆይተን ነበር። ምላሹ የመጣ ዕለት እየሳቀ፣ በሳቁም መካከል እየሳለ ገባና፣ ሚስቱን፣ እኔ አክስቴ የምላትን፣ «አየሽ፣ እሷ ስታስል ይጨበጨብላታል፤ እኔ ሳስል የፈቃድ ቅጽ ሙላ እባላለሁ» አላት። አክስቴም ፊቷን ሳታዞር «እንግዲህ አንተም ቀለምህ ይላጥና ወንበር ይደርደርልህ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፤ መጀመሪያ ያቆመችው እሷ ነበረች።

፬. ለመካኒኮቹ ጭንብል ስለሰጧቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ጭንብሉ የድሮውን ዘመን ስሜት ያበላሻል ተብሎ በትርኢት ሰዓት እንዲወልቅ ስለታዘዘም እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ነው።

፭. ባለፈው ትርኢት ላይ ከሆነው ነገር ለክቡርነትዎ የደረሰው ፎቶው ብቻ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ስለዚህ የቀረውን ልጨምርልዎ። ባልቴቷ ስትነሳ አንድ ሰው ከጎኗ ቆሞ፣ ሞተሩ እስኪይዝ ድረስ ናፍጣውን በእጅ እየገፋ መስጠት አለበት፤ ይህ ሰው አጎቴ ነው። የዚያን ዕለት እምቢ አለች። ደጋግመው ሞከሩ፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የወጣው ጭስ ከቆርቆሮው ሥር እየተጠራቀመ ወደ ታች ወረደ፤ በመጨረሻ ስትነሳ ጋራዡ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። ከመስታወቱ ጀርባ የነበርነው ሁላችን እንደዚያ ቀን አጨብጭበን አናውቅም። አጎቴ በዚያ ጭስ ውስጥ፣ በሎኮሞቲቩና በግድግዳው መካከል ወድቆ ነበር። መፍቻ የሚሉት የሥራ ባልደረባው ኮሌታውን ይዞ እየጎተተ ወደ በሩ ካደረሰው በኋላ፣ እርዳታ ፍለጋ ወደ ሰገነቱ ሮጦ መስታወቱን በጡጫ ይደበድብ ጀመር። ምን እንደሚል አልሰማንም፤ መስታወቱ፣ እንዳልኩት፣ ጥሩ ነው። ሰላምታ የሚሰጠን መስሎን እጃችንን አውለበለብንለት። አንዲት ሴትዮ ከአጠገቤ «እንዴት ያሉ ደስ የሚሉ ሠራተኞች ናቸው» ስትል ሰምቻለሁ። በማግስቱ የድርጅትዎ ገጽ የጭሱን ፎቶ «እስከ ዛሬ ካየናቸው ሁሉ የደመቀው ማለዳ» ከሚል ጽሑፍ ጋር አወጣው። በደመቀ ቃል ስለተጠቀሙ አልወቅስም፤ ለጥቁር ነገር ሌላ ቃል ማግኘት ጥበብ ይጠይቃል።

፮. ይህ ነጥብ በክብደቱ አንደኛ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ክቡርነትዎን በመጀመሪያው መስመር ላይ ማስደንገጥ ጨዋነት ስላልመሰለኝ ወደ ታች አወረድኩት። የዚያን ዕለት ያከመው ሐኪም፣ አጎቴ ዳግመኛ ጭስ በታፈነበት ቤት ውስጥ ከገባ በሕይወት ስለመውጣቱ ማረጋገጫ እንደማይሰጥ በግልጽ ነግሮናል። የሰው ኃይል አስተዳደርዎ በበኩሉ፣ በድርጅቱ የምሥረታ በዓል ላይ ተገኝቶ ባልቴቷን እንዲያስነሳ፣ ካልተገኘ ግን ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ እንደሚቆጠር አሳውቆታል። ጉዳዩን እንዲያጣራ ያቋቋሙት ኮሚቴ የጋራዡን አየር መርምሮ ጤናማ ሆኖ አግኝቶታልና። ማስረጃ ሆነን የቀረብነውም እኛው ተመልካቾቹ ነን፤ በየሳምንቱ እየመጣን አንዳችንም አልታመምንም። መጽሐፍ ማንበብ ሥራዬም ፍቅሬም ነው፤ ዋናተኛው መስጠም አለመስጠሙን ለማጣራት በዳር የተቀመጡትን ሰዎች ልብስ የዳሰሰ መርማሪ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

የሚያሳዝነው፣ አጎቴ ሊሄድ መነሳቱ ነው። ያለ እሱ እጅ አትነሳም፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እያያት እምቢ ብትል ደግሞ የምታፍረው እሷ መሰለችው። ቱታውን ራሱ ተኩሶ ሰቅሎታል። አክስቴ «ሂድ፣ ማን ከለከለህ? ጫማህን ግን እኔ አላየሁም» ትለዋለች፤ እሱም «በባዶ እግሬም ቢሆን ታውቀኛለች» ይላታል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ፍቅር ድርጅትዎ አልሰጠውም፤ ስላገኘው ግን እንደ ነፃ ናፍጣ ያቃጥለዋል።

የምንጠይቀው እንደ ውለታዎ ታላቅ አይደለም። ባልቴቷ እንደ ቀድሞዋ ተጎትታ ወደ ግቢው ትውጣ፤ የጣሪያው መስኮቶች ይከፈቱ፤ መርጫዎቿ ይለወጡላት፤ ስለ አጎቴ ደረት የሚመሰክረው ሐኪም ቃልም ከመስታወት ጀርባ ካለነው ሰዎች ጤንነት በላይ ይደመጥ። ጭሷ ቀጥኖ ፎቶው ቢደበዝዝ ማኅበራችን ጉዳቱን በጸጋ ይቀበላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ከአባሎቻችን አንድም ሰው ወደ ሰገነቱ እንዳይወጣ ወስነናል፤ ሐሳቡን ያቀረበው ጆሮ ነው፤ የተቃወመ አልነበረም። በበዓሉ ዕለት ከአጥሩ ውጭ ቆመን እንጠብቃለን። ሰማይ ሥር ከወጣች እናጨበጭባለን። ካልወጣች ለስላሳ ወንበሮችዎ ለኮሚቴዎ አባላት ይበቃሉ፤ አየሩን ስላጸደቁት ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ቢቀመጡ ግን ይበልጥ ያምርባቸዋል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሚሰጡን ምላሽም ሆነ እንደ ልማድዎ ለማይሰጡን ምላሽ አስቀድሜ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በየትኛውም ቆርቆሮ ሊሸፈን የማይችል አክብሮቴ ይድረስዎ እላለሁ።

የመካኒኩ የወንድም ልጅ፣
ባልቴቷንም ዛሬም ድረስ የምትወድ፣
የባቡር ወዳጆች ማኅበር አባል

ግልባጭ፦
ለባቡር ወዳጆች ማኅበር
ለድርጅቱ ሠራተኞች ማኅበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የሚከተለውን ልጨምር ተገደድኩ። ጆሮ የዚያን ማለዳ ድምፅ በሎኮሞቲቩ ጎን ባስቀመጠው መቅረጫ ቀርጾት ነበር፤ ድርጅትዎም ወስዶ በመንገደኞች መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ያሰማዋል። ሞተሩ ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ ደረቅ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ አለ። እኛ የባቡር ወዳጆች ምንነቱን ለማወቅ ብርቱ ክርክር ገጠምን፤ ከፊሎቻችን የላላ ቫልቭ ነው አልን፣ ከፊሎቻችን የናፍጣ መግፊያው ነው አልን፣ አንድ አባላችንም ስለ አየር መጭመቂያው ረጅም ጽሑፍ አሰራጨ። ፍርዱን እንዲሰጠን ቀረጻውን ወደ አጎቴ አልጋ ወስደን አሰማነው። ሰማ፤ እንድንደግምለት ጠየቀ፤ ደገምንለት። ከዚያም ቀስ ብሎ «የምን ቫልቭ አመጣችሁ? እኔ ነኝ እኮ» አለ። በዓሉ ላይ እንደማይገኝ እንድጽፍልዎ ያዘዘኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ መቅረቱ ግን ክቡርነትዎ አይጨነቁ፤ ጠዋት ጠዋት በመጠበቂያ አዳራሽዎ ውስጥ ያገኙታል።