ጥሩነሽ የሌለችበት ድንጋይ

ይድረስ ለሚኪዬ፣ ለቤቴ አባወራ፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ አንተ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ዐርፈሃል። ከተለየኸን አራተኛ ዓመትህን በፍልሰታ አወጣንልህ። ያኔ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ የስኳር መድኃኒትህ ከከተማው አልቆ፣ ቀብርህ ላይ ከጎረቤትና ከተማሪዎችህ በቀር ሰው አልነበረም። እህቶችህ መርዶውን የሰሙት ስልክ ሲከፈት ነው። እሱን አልያዝኩባቸውም፣ ማንስ ምን ማድረግ ይችል ነበር። የያዝኩባቸው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ያለችውን የክርና የጥለት ሱቄን እንደገና ከፍቻለሁ። ገበያው እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰው ጥለት አይቶ፣ ዳስሶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ልጅህ ጥሩነሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓዲ ሓቂ ግቢ ገብታለች። ጭንቅላቷ ያንተ፣ ምላሷ የኔ ነው። በር ላይ የተከልከው ጥድ ጉቶው አለ፤ የልብስ ሳፋ አስቀምጥበታለሁ። ትዝ ይልሃል? በዚያ ክፉ ጊዜ ማገዶ ስናጣ መጥረቢያውን ራስህ አነሣህና፣ አያቴ የፈረንጁ ንጉሥ የዛሩ የደን ሹም ነበሩ፣ አሁን ቢያዩኝ ያስገርፉኝ ነበር ብለህ አሳቅከን። ስትቆርጥ ግን ፊትህን አዙረህብን ነበር።

የኚያን ሰውዬ ታሪክ ካንተ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ አሁን የኔ አያት እስኪመስሉኝ። ግራፍ ነበሩ፤ እንደኛ አገር ደጃዝማች በለው ትለኝ ነበር። ንጉሣቸው የአንድ ክፍለ ሀገር ደን አስረክበዋቸው፣ በበረዶ ላይ በፈረስ እየተጎተቱ ዛፍ የሚቆጣጠሩ ሹም። ፒያኖ የምትጫወት ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች። አብዮቱ መጥቶ ቤት ንብረቱ ሲወረስ ሚስቲቱ ልጆቿን ይዛ ፈረንሳይ ገባች፣ እሳቸው ዞረው ዞረው አዲስ አበባ። እዚያ መንገድ ዳር ችግኝ እያስተከሉ ኖሩ፣ በበዓል ቀን የዛሩን ኒሻን ደረታቸው ላይ ደርድረው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ አልከኝ፣ የሚያያቸው ሰው ባይኖርም።

ያንን ኒሻን በአመድ የምትወለውለው ማን ነበረች? አያትህ ጥሩነሽ። ወጥ ቤት ልትሠራ ገብታ አባትህን የወለደችላቸው። ዓይናቸው ሲጠፋ እጃቸውን ይዛ የምታወጣቸው፣ ሥጋውን ቆርጣ የምታጎርሳቸው እሷ። ሲሞቱ ግን ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ማዕረጋቸው፣ የትውልድ አገራቸው፣ ፈረንሳይ የቀረችው ሚስታቸውና ሁለቱ ሴት ልጆች ናቸው። በተጋባን ዓመት ወስደህ አሳየኸኝ። ድንጋዩን በመሐረብህ ጠርገህ፣ "አያቴ እዚህ የለችም" አልክ። ልጅ ስንወልድ ስሙን ማን እንደሚያወጣ ሳትጠይቀኝ ጥሩነሽ አልካት። ልጆች የአሮጊት ስም ብለው ሲያላግጡባት አልቅሳ ትመጣ ነበር፣ አንተ ደግሞ ትስቃለህ።

ኣታ ሚኪዬ፣ ይህን ሁሉ እያወቅህ ግን በእናትህ ተዝካር ጊዜ ምን አደረግህ? ቤተሰቡ ሁሉ ከግራፉ ሥዕል ሥር ፎቶ ሊነሣ ሲሰለፍ፣ ታላቅ እህትህ እሌኒ መጥታ ካሜራውን ለኔ ሰጠችኝ። እስቲ አንቺ አንሺን፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም አለችኝ። አነሣኋችሁ። አንተ ከመሃል ቆመህ ወደኔ አየህ፣ ነይ ግን አላልከኝም። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናብ ስታወራኝ መጣህ። ሆዴ ውስጥ ቀርቷል፤ በሕይወት ሳለህ አልነገርኩህም፣ አሁን ስማው።

ባለፈው ወር እሌኒ ታናሽየዋን ይዛ መጣች። ቤቴ አላደሩም፣ ሓወልቲ ሆቴል ያዙ። ወጥ ሠርቼ ጠበቅኋቸው፣ ቀማመሱ፣ አለቀሱም፤ ውሸት አልናገርም። ከዚያ ነገሩ መጣ። ፈረንሳይ ከቀረችው ሚስት የተወለደች አንዲት የልጅ ልጅ ቤተሰቡን አፈላልጋ አግኝታለች፤ የግራፉን መቃብር በዕብነ በረድ አሳድሳ ዘራቸውን ሁሉ እዚያ መሰብሰብ ትፈልጋለች። ስለዚህ ያንተ ዐፅም ይፍለስልን አሉኝ። ቄሱ ሰባት ዓመት ሳይሞላ አይነካም ብለዋቸው ነበርና እንጠብቃለን፣ ቃልሽን ግን ዛሬ ስጪን አለች እሌኒ።

እኔስ ስሞት የት ነኝ ብዬ ጠየቅኋት። ቦታው ለደሙ ሰው ነው አለችኝ፣ በለሆሳስ፣ ክፉ እንዳይመስልባት። ልጅሽ ትጻፋለች። ላንቺ ደግሞ እዚህ መቃብሩ አለልሽ፣ ስምሽን ብታጽፊበት ማን ከለከለሽ አለች። ወይለይ! ባሌን አውጥተው ጉድጓዱን ለኔ ሊተዉልኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ፔርሙዙን ይዤ እንደዚያ እንደ ካሜራው ቀን ቆሜ ቀረሁ። ቡና ጨምሪልን ቢሉኝ እጨምር ነበር።

የተናገረችው ልጅህ ናት። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። "እትዬ እሌኒ፣ ስሟን የያዝኩላት ጥሩነሽ የት ተቀበረች?" አለቻት። እሌኒ ታናሿን አየች፣ ታናሿ ወለሉን አየች። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይመስለኛል አለች ታናሿ፣ ወይ ገጠር። "እንግዲያው እሷን ፈልጋችሁ ስታገኙ ኑና አባቴን ውሰዱ" አለች ልጅህ። ከዚያ ተነሥታ ሰሐኑን አነሣሣች። እህቶችህ በማግስቱ በአውሮፕላን ሄዱ፤ ደህና ገባን እንኳ አላሉኝም።

አንተ ያኔ የዋጥከውን እሷ ተፋችው። ኮርቼባታለሁ፣ አንተን ግን ገና ይቅር አላልኩህም። ሟች አይወቀስም ይላሉ፤ ታዲያ ማንን ልውቀስ?

ሲሚንቶ ብቻ ሆኖ የቆየው መቃብርህ ድንጋይ ሊለብስ ነው። ጠራቢውን አነጋግሬያለሁ። ያንተ ስም መሃል፣ የኔ ቦታ ከሥር ባዶውን ይቀመጥ አልኩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሩነሽ ብለህ ጻፍ፣ የሚካኤል አያት። ሰውዬው ጠንቃቃ ነው፣ እናታችን፣ አያትየዋ እዚህ ነው የተቀበሩት? ብሎ ጠየቀኝ። የትም የለችም፣ እዚህ ትኑር አልኩት።

የግራፉን ኒሻን የወለወለች ሴት ስም በየዓመቱ በፍልሰታ እኔ በነጠላዬ ጫፍ እወለውለዋለሁ። እግረ መንገዴን ያንተንም። እኔ ሳልችል ልጅህ ትመጣለች። እስከዚያ ካለህበት አትነሣ።

ያንተዋ፣
ካሜራውን የያዘችው