በአጥርዎ ላይ አፌን ከፍቼ ስለ መቆሜ

ለተከበሩ የዓለም አቀፉ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመምህራንዎን፣ የተማሪዎችዎን፣ እንዲሁም ከሰፈሩ ሁሉ በፊት ውሃ የሚጠጣውን የሣር ሜዳዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህንነቴን በየቀኑ በመኪናዎ ሲያልፉ ሳያዩት አይቀሩም፤ ምክንያቱም በመንገዱ በኩል ባለው አጥርዎ ላይ የቁመቴን ሦስት እጥፍ አክዬ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ ከተሰቀልኩ ወራት አልፈዋል። ከሥሬም «ከጨለማ ወደ ብርሃን፤ ፊደል ያልቆጠረችው ልጅ በተማሪያችን ብርታት አነበበች» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ከመንገዱ ማዶ፣ ከአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክል፣ ቀና ባልኩ ቁጥር አነበዋለሁ። ማንበብ የጀመርኩት ግን አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ ይህንኑ በጽሑፍ ለማስረዳት እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። አክስቴ «ይቺ ልጅ አፏን የምትከፍተው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው» ትላለች፤ ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ያምናታል።

አንደኛ፤ ነገሩ የጀመረው በካባ ነው። አምና አንድ ቅዳሜ አክስቴ ለተማሪዎችዎ ቴአትር የሰፋችውን የንጉሥ ካባ ጠቅልላ፣ «ለመምህርቷ ሰጥተሽ ቶሎ ነይ፣ መንገድ ላይ እንዳትፈዢ» ብላ ወደ ሰፈራችን አዳራሽ ላከችኝ። በአዳራሹ ውስጥ ተማሪዎችዎ ላልተማሩ የሰፈር ልጆች ፊደል ያስተምሩ ነበር። መምህርቷ ካባውን ተቀበሉኝና የመጣሁበትን ተናግሬ ሳልጨርስ ትከሻዬን ይዘው፣ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ አትፈሪ፣ እዚህ ማንም አይስቅብሽም» ብለው ከፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይስቁብኝ ይሆናል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ፣ ስላሳሰቡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚያም ፀጉሯን በሪቫን ያሰረች፣ በዕድሜ ከእኔ የማትበልጥ ተማሪዎ በካርቶን ላይ የተጻፈች አንዲት ፊደል ከፍ አድርጋ «ሀ በይ» አለችኝ። አዳራሹ በሙሉ እኔን ያያል። አፍንጫዬን አላበኝ፤ ዝም አልኩ። «አይዞሽ፣ ትችያለሽ፣ ሀ በይ» አለችኝ ደግማ። እኔም ቶሎ ለመገላገል ብዬ «ሀ» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገ፣ ባለ ሪቫኗም አለቀሰች። እንደዚያ እንባዋ ሲወርድ እያየሁ «እኔ እኮ ካባ ላደርስ ነው የመጣሁት» ማለት ነውር መሰለኝ።

አበው «ዝምታ ወርቅ ነው» ሲሉ ወርቁ ለማን እንደሚደርስ አልነገሩንም። በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ባለ ሪቫኗ ለሰፈሩ በሰጠችው አገልግሎት የወርቅ ሜዳሊያ እንዳጠለቀች ስሰማ ግን ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ዝምታው የእኔ፣ ወርቁ የእሷ ነበር። እንኳን ደስ ያላት።

ሁለተኛ፤ እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ተጠራጣሪዋ አክስቴ ናት፤ መርፌ ላይ ክር ባስገባች ቁጥር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትለኛለች። ሆኖም ቁልፍ ሲተከል እጅ ይሠራል፣ ሐሳብ ግን ሥራ ፈትቶ ይዞራል። በካባው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘች፣ በእጄ የጻፍኳት ወረቀት ነበረች፤ «የብብቱ ስፌት ገና ስላልጠነከረ ንጉሡ እጁን ወደ ላይ እንዳያነሳ ይነገረው» ትላለች። መምህርቷ አንብበዋት «ውይ፣ ጽሕፈቱ ሲያምር! የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም በጣቴ ራሴን አሳየሁ። «አይ አንቺ!» ብለው ስቀው ነው ወደ ወንበሩ የወሰዱኝ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ድረስ እያገላበጥኩ አየዋለሁ። አላመኑኝ ይሆን? ወይስ አምነውኝ ነው የሳቁት?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ንጉሡ እጁን አንስቶ ኖሮ ካባውን ለጥገና ልወስድ ስመለስ፣ አሁን በአጥርዎ ላይ ያለው ትልቅ ሸራ ተጠቅልሎ ከአዳራሹ ጥግ ቆሟል፤ በአንዱ ጫፉ በኩል የራሴ አገጭ ይታያል፤ ከአገጬ ሥር ደግሞ «አነበበች» የምትለው ቃል ብቅ ብላለች። እስከዚያ ሰዓት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአፌ የወጣው አንድ «ሀ» ብቻ ነበር። መምህርቷ ማየቴን ሲያዩ ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ምናልባት አቧራ እንዳይነካኝ አስበው ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ለመግባት ወደ ማታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስድስተኛን ጨርሼ ያቋረጥኩት እናቴ ታማ ስለነበር ነው፤ አሁን ተመስገን፣ ተነስታለች፤ «በይ እንግዲህ ያንቺ ተራ ነው» ብላ የላከችኝም እሷ ናት። መዝጋቢዋ የስድስተኛ ክፍል ካርዴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ካርዱን አዩና፣ «አንቺ የአጥሯ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አምና ሀ ያልሽ ልጅ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል? ይህን ካርድ ማን ሠራልሽ?» አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱም «ሀ በይ እስቲ!» አለ። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እንደ እምነት ቃል ተቆጠረብኝ። ካርዴን «እስኪጣራ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ከፈለግሁ ከአንደኛ ክፍል መጀመር እንደምችል፣ ካልሆነም የሸራው ጽሑፍ ስህተት መሆኑን እርስዎ ካረጋገጡላቸው ብቻ ሰባተኛ እንደሚያስገቡኝ ነገሩኝ። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ይዘጋል። ተማሪዎችዎ ከጨለማ ያወጡኝ መስሏቸው እኔን ስድስት ክፍል ወደ ኋላ ስለመለሱኝ፣ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

አራተኛ፤ ሰሞኑን ባለ ሪቫኗ ወደ ሱቃችን መጥታ አክስቴን፣ «ዘንድሮ ፕሮጀክታችን ዓይን አፋር ሴት ልጆችን ማናገር ነው፤ ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመቻት ይሆን?» ብላ ጠይቃታለች። እኔ ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ትንፋሼን ውጬ ቆሜ ነበር። አክስቴም «የኔ እመቤት፣ እሷ ጋ የነበረው ወርቅ አልቋል፤ ሌላ ቦታ ቆፍሩ» ብላ ሸኘቻት። ልጅቱ በክፋት የመጣች አልመሰለኝም፤ ያን ዕለትም ያለቀሰችው ከልቧ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ነው፤ ከልቧ የምታለቅስን ሰው እንዴት አድርገው «ተሳስተሻል» ይሏታል?

እንግዲህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሜዳሊያው በአንገቷ ይቆይ። ለማታ ትምህርት ቤቱ አንዲት መስመር፣ «ልጅቷን ያስተማርናት እኛ አይደለንም» የምትል፣ ከማኅተምዎ ጋር ቢጽፉልኝና ሸራውን ቢያወርዱልኝ ይበቃኛል። ለእርስዎ አንዲት መስመር ናት፤ ለእኔ ሰባተኛ ክፍል ናት።

የሣርዎ ልምላሜ፣ የአጥርዎ ርዝመትና የተማሪዎችዎ ሽልማት ከዓመት ዓመት እንዲበዛ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ እጅ እነሣለሁ።

ከመንገዱ ማዶ፣
አንደኛ ክፍል ዳግም እንድትገባ የታዘዘችው ጎረቤትዎ

ተጨማሪ፤ ይህን ደብዳቤ ከፎቶዬ ሥር ስለጥፍ የበርዎ ዘበኛ መጥተው «ምን ይላል ልጄ? እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም» አሉኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ሰው ቆሞ ሰማ። እሳቸውም ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ በሩ ላይ ሲቆሙ አንድም ሰው «ሀ በሉ» ብሏቸው እንደማያውቅ ነግረው ይህንኑ እንድጽፍልዎ አዘዙኝ። ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ደብዳቤውን እንደማይገነጥሉም ምለውልኛል። ትእዛዙን ሲጽፉ እባክዎን በጉልህ ይጻፉልኝ፤ የማነብላቸው እኔ ነኝ።