የበሩ አምፖል በፓይተን

ሳሊተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ተስፉ፣

ካምፓላ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ዳናይት አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። እኔም እዚያው ወሎ ሰፈር፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ውስጥ ነኝ።

ዳናይት የደወል ድምፅ ስለማትሰማ የሠራህላት አምፖል፣ ሰው በሩ ላይ ሲመጣ ክፍሏ ውስጥ የሚበራው፣ ነሐሴ ላይ ተበላሸ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አምፖሉን የምታዘው ትንሿ ቦርድ ተቃጠለች። አላወቅንም። ከሥራ ስመለስ ዝናብ ነበር፤ ዳናይት ከውስጥ ቀርቅራለች። ደወሉን ተጫንኩ። ስልኳ ላይ ጻፍኩ፤ አላየችውም። ከዚያ እንደማትሰማ እያወቅኩ አንኳኳሁ። አንድ ሰዓት ያህል ሳንኳኳ ቆየሁ መሰለኝ። በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ አብነት መጥቶ በሩን ገነጠለው። ጀርባዋን ሰጥታን ሥዕል ትሥል ነበር። ዞር ስትል በር የሰበረ ወንድ አየች። ከዚያ በኋላ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ነበር የምታጠናው። እኔ አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም።

ቦርዷን የሚያዘውን ኮድ እንድትልክልኝ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልህ። ያለው አንተ ይዘኸው በሄድከው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። አሁን የምጽፍልህ ከእንግዲህ እንዳትፈልገው ልነግርህ ነው።

አዲስ ቦርድ ገዛሁ። የዳናይት አስተማሪ ሮሃ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልታግዘን ተስማማች።

«ኮዱን በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ እንጻፈው፣ በሲ ወይስ በፓይተን?» አለችኝ።

«በሲ።»

«ለምን?»

«አባቷ የሚጽፈው በሲ ነበር። ፓይተን ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቦርድ ይከብዳል፣ ይንቀረፈፋል ይል ነበር።»

ሮሃ ሳቀች። «አምፖል ለማብራት እኮ ነው! ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ እንግዳው ጥሎ አይሄድም።»

እኔ በሲ ያልኩት አንተ ስትመጣ የምታውቀው እንዲሆን ነው። ይህን ግን ለሮሃ አልነገርኳትም።

ሁለት ቅዳሜ በሲ ሞከሩ። አንድ ምልክት በተረሳ ቁጥር እምቢ ይላል፤ አንድ ነገር ባስተካከሉ ቁጥር ሁሉም እንደ አዲስ ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ ቦርዷ ላይ መጫን አለበት። ዳናይት በሁለተኛው ቅዳሜ ከወንበሯ ተነሳች። «ይሄ የአባዬ ነው። እኔ አይገባኝም» አለች በእጇ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሮሃ እኔን ሳትጠይቅ ፓይተን ጫነችላት። ዳናይት አንድ መስመር ጻፈች፤ አምፖሉ ወዲያው በራ። አጠፋችው፤ ደግማ አበራችው። ከሰዓቱን ሙሉ ስታበራና ስታጠፋ ዋለች።

«ጥሩነቱ ደግሞ» አለች ሮሃ፣ «የጻፈችው እዚያው ቦርዷ ላይ ይቀመጣል። የጻፈው ሰው ቢሄድም ከፍቶ ማንበብና ማስተካከል ይቻላል።»

እኔን ለመንካት ብላ አልነበረም።

ከመስከረም ጀምሮ ይሠራል። ደወሉን ሁለቴ ስጫን አረንጓዴ ይበራል፤ እኔ መሆኔን ታውቃለች። ሦስቴ ከሆነ ሮሃ ናት፣ ቢጫ። ሌላው ሰው ሁሉ ነጭ ነው። ወንበሯንም ወደ መስኮቱ መልሳዋለች።

ትናንት ኮዱን ከፍታ አስነበበችኝ። ሃያ ሁለት መስመር ነው፤ እኔ እንኳ ገባኝ። ድሮ አንተ ስትመጣ የሚበራውን ሰማያዊ ፈለግኩት። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«የአባትሽስ?» አልኳት በእጄ።

ትንሽ አሰበች። የተከፋች አትመስልም ነበር።

«ሲመጣ እጽፈዋለሁ። አንድ መስመር ነው» አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ምግብህን በሰዓቱ ብላ። እመቤታችን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ።

የዳናይት እናት
ማዕዛ