ውሸታሙ የኩሬ ሳጥን

ማርች 24፣ 68

ሙቀት። የሩዝ ሾርባ በልቼ ሳጥኑን ወደ ኩሬው ዳስ ወሰድኩት። ሳጥን ስል ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ እርጥበት እንዳይገባው በፕላስቲክ ታሽጎ። ከጎኑ አንድ መለኪያ ወደ ውሃው ይወርድና ኦክስጅን ይለካል። ሲያንስ ሳጥኑ መቅዘፊያዎቹን ያስነሳል፣ ውሃው ይናጣል፣ ሽሪምፖቹ ይተነፍሳሉ። ሐሳቡ ይኼው ነው። በሐሳብ ደረጃ እንከን የለውም...

ችግሩ ኮምፒውተሩ መለኪያውን አያውቀውም። እንዲያውቀው ከርነሉ ላይ፣ የሲስተሙ ሆድ ውስጥ ማለት ነው፣ የምትሰካ ቁራጭ ፕሮግራም መሥራት አለብኝ። ሞጁል ይሏታል። ኮዱን ከመጻፉ ይልቅ የሚያስቸግረው ኮምፓይል አድርጎ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ለውጦ ማለት ነው፣ ቦታው ላይ የሚጭነውን ትእዛዝ ማስተካከሉ ነው። ባንኮክ ቢሮ እያለሁ ይኼ የባልደረባዬ የፒ ቾት ሥራ ነበር። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ ፒ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ "አንቺ ኮምጣጣ" ይለኛል። ስሜ ማካም ያው የሚኮመጥጠው ፍሬ ማለት ስለሆነ።

አባዬ እስከ ሶንግክራን፣ እስከ ኤፕሪል አጋማሹ የውሃ በዓላችን፣ ጊዜ ሰጥቶኛል። "እስከ በዓሉ ሳጥንሽ ካልሠራ ምንጣፌን ይዤ ወደ ዳሱ እመለሳለሁ።" ባለፈው ክረምት ግማሽ ጎኑን ከመታው ወዲህ ግራ እግሩን ይጎትታል። ሐኪሙ ወደ ዳሱ የሚወስደውን የእንጨት ድልድይ በጨለማ እንዳይረግጥ ብሎታል። ሽሪምፕ ደግሞ የሚታፈነው ጎህ ሳይቀድ ነው። እኔ እነሳለሁ ስለው "አንቺ ውሃ ማንበብ አትችይም" ይላል። እውነቱን ነው፣ አልችልም፤ እስከዚያ ሌሊት እየተነሳሁ መቅዘፊያዎቹን በግምት አስነሳለሁ።

ማርች 25

ሳጥኑ ሞጁሉን አልቀበልም አለ። "ቅርጹ ልክ አይደለም።" የምን ቅርጽ? ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ እኔ የሠራሁት ለሌላ ከርነል ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውና እኔ ያወረድኩት ስማቸው በአንዲት ቁጥር ይለያያል። አንዲት ቁጥር!

ማርች 26

ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ሳጥኑ መብራት በጠፋበት ቁጥር ቀኑን ይረሳል፣ ዳሱ ውስጥ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ሲነሳ በስክሪኑ ይጠይቃል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሁለት ሁለት ቁጥር። ስደርስ አባዬ በአንድ ጣቱ ሞልቶ አስነስቶታል። "ይኼው እኔም ኢንጅነር ሆንኩ፣" አለኝ።

ከሰዓት እዚያው ሳጥኑ ላይ የሠራሁት ሞጁል ገባ!! ስክሪኑ ላይ የኦክስጅኑ ቁጥር ወጣ። ስምንት። እማዬ ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ አምጥታልኝ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብለን በላን።

ጭነቱ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። አዲሱ ፋይል ካለው የቆየ ከሆነ ዝም ብሎ ይለፈው፣ አዲስ ሲሆን ብቻ ይገልብጠው። የማስታወሻ ካርዱ ቶሎ እንዳይደክም። ፒ ቾት ያስተማረኝ ዘዴ ነው።

ማርች 27

አባዬ ስክሪኑን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ሳቀ።

"ስምንት? ይኼ ውሃ እንዲህ አየር ሞልቶት?"

የእጅ መለኪያውን አውጥቶ ነከረ። አራት።

"ሳጥንሽ ውሸታም ነው።"

ኮዱ ውስጥ ገብቼ አገኘሁት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ እየደመርኩት ነው። የአንድ መስመር ስህተት። ነገ ያልቃል።

ማርች 28

መብራት ጠፋ። ቀኑን እኔው ሞላሁ። አስተካከልኩ፣ ኮምፓይል አደረግሁ፣ ጫንኩ። ስምንት ይላል።

እንዴት?

ማርች 30

እንደገና። ስምንት። ያቺን መስመር ጭራሽ አጥፍቻት ሞከርኩ፣ ቁጥር ማውጣት የለበትም። ያወጣል! በሌለ መስመር ይደምራል። ዓይኔ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?

ኤፕሪል 2

ሁሉን ጠርጌ ከባዶ ሠራሁ። አሮጌዎቹን የግንባታ ፋይሎች በሙሉ ደመሰስኩ። ኮምፓይሉ ያለ አንዲት ስህተት አለቀ። ጭነቱም "ተጠናቋል" አለ። ስምንት።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ኤፕሪል 5

ለፒ ቾት ደወልኩለት። ከኋላው የቢሮው ሰው ሁሉ ይንጫጫል።

"ምን ሆነሽ ነው ኮምጣጣዋ?"

"አስተካክላለሁ፣ አይስተካከልም።"

"ጠርገሽ ሠራሽ?"

"ጠርጌ ሠራሁ።"

"አጥፍተሽ አበራሽ?"

"ፒ! እናቴም ይኼን ጠይቃኛለች።"

ሳቀ። ከዚያ "የምትሠሪውና የምትጭኚው አንድ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ሌላ ምን ልጭን ነው? ስብሰባ ተጠራና ዘጋው።

ከተማውን ለቅቄ የመጣሁት ለዚህ ነበር? እዚያ እያለሁ ጎበዝ ነሽ ይሉኝ ነበር። ምናልባት ጎበዙ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ሰው ነው።

ኤፕሪል 8

የፒ ቾት ነገር ከጭንቅላቴ ስላልወጣልኝ ሞጁሉ ሲገባ "ማካም ነኝ፣ ሰላም" ብሎ እንዲጽፍ አደረግሁ። ኮምፓይል፣ ጭነት፣ ማስነሳት። ሰላምታ የለም። ስምንት ብቻ።

እንግዲያው የሚናገረው የመጀመሪያው ሞጁል ነው። የማርች 26ቱ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ የት ይገባል? "ተጠናቋል" ይለኛል እኮ። ምኑ ነው የተጠናቀቀው? ግራ ገባኝ። እንዲህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም።

ኤፕሪል 9

ጎረቤታችን እትዬ ላማይ አንድ ሙሉ ኩሬ ሽሪምፕ ሞተባት። ድምጿ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። አባዬ ሰማ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳና ምንጣፉን ጠቀለለ።

"በዓሉ እኮ አልደረሰም። እስከ ሶንግክራን ብለኸኝ ነበር።"

"ሽሪምፖቹ ቀጠሮ አያውቁም።"

እማዬ በሩ ላይ ቆመች። ገፋ አድርጓት አለፈ። በትሩ ድልድዩ ላይ ቋ... ቋ... ሲል ሰማነው።

ኤፕሪል 10

ወደቀ።

ጠዋት እማዬ ሩዝ ልታደርስለት ሄዳ ድልድዩ ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። በትሩ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጎህ ሲቀድ ወድቆ መነሳት አቅቶት ተቀምጦ ነበር። ሳጥኑ ስምንት እያለ፣ መቅዘፊያዎቹ ቆመው፣ ሽሪምፖቹ ላይ መጥተው አየር ሲሻሙ አይቶ ሊያስነሳ ሲሮጥ። አባቴ ሲሮጥ!

ክንዱ ተላልጧል፣ ዳሌው ተርፏል። ያወጣነው ሁለታችን ተጋግዘን ነው። የመጀመሪያ ቃሉ "መቅዘፊያውን አስነሱ" ነበር። አስነሳሁ። ከዚያ ጮህኩበት። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። "ለሽሪምፕ ብለህ ልትሞት ነው?" አልኩት።

ሳጥኑን አንስቼ ኩሬው ውስጥ ብጥለው ደስ ይለኛል። ፈርቻለሁ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ኤፕሪል 11

ይኼን ዛሬ መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት የበጋው ወጀብ መጣ። አባዬ ክንዱን ታስሮ፣ "በቀን ሐኪሙ አልከለከለኝም" ብሎ አብሮኝ ዳሱ ውስጥ ነበር። መብራት ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ መጣ። እኔ የመለኪያውን ገመድ ከዝናብ ሳወጣ እጄ ጭቃ ስለሆነ "አባዬ፣ ቀኑን ሙላልኝ" አልኩት። በደህናው እጁ፣ በአንድ ጣቱ፣ ቀስ አድርጎ ሞላ። አጠገቡ ቆሜ አየሁት።

11። 04። 68።

"አባዬ... ዓመቱን ስንት አልክ?"

"ስልሳ ስምንት።"

"ስልሳ ስምንት?"

"ታዲያ ስንት ልበል? ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ስምንት ላይ አይደለንም? ሙቀቱ መታሽ እንዴ ልጄ?"

ጭቃው እጄ ላይ እንዳለ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እኛ ዓመቱን ከቡድሃ ጀምረን ስንቆጥር ሳጥኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 25 ነው የሚጠብቀው። 68 ሲባል ሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ይመስለዋል፣ ገና አርባ ሦስት ዓመት የሚቀረው። ማርች 26 ቀኑን የሞላው አባዬ ነው። የዚያን ቀን የጫንኩት የተሳሳተው ሞጁል የተሠራበት ቀን ማኅተም 2068 ይላል። ከዚያ በኋላ እኔ ቀኑን በ25 ስሞላ የሠራሁት ሁሉ ለሳጥኑ አሮጌ ነው። አሮጌ ከሆነ ዝም ብለህ እለፈው ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ! ይታዘዛል። አንድም ጊዜ አልዋሸም።

እኔስ? ማሽን ላይ ስሆን 25 እጽፋለሁ፣ ቢሮ ነው ያስለመደኝ። ወረቀት ላይ ስሆን 68። ይኼው የዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ... ማርች 24፣ 68። በየቀኑ ከላዩ አልፌ ነው የምጽፈው።

ለአባዬ አስረዳሁት። ከዚያ ጣቱን አነሳና አየው።

"እና ድልድዩ ላይ የጣለኝ የራሴ ጣት ነው በይኛ።"

"አይደለም። ዓመቱን ጠየቀህ፣ ዓመቱን ነገርከው። የት አገር እንዳለ የማያውቀው እሱ ነው። ዝም ብለህ እለፍ ያልኩት ደግሞ እኔ።"

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አትበይ። ሳጥኑን ለቀቅ አድርጊው።" ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ይኼን ሁሉ ቀን አላለቀስኩም ነበር።

አሮጌውን ሞጁል በእጄ ደመሰስኩ። እያነጻጸረ የሚያልፈውን ትእዛዝ ከጭነቱ አወጣሁት፣ ካርዱ ይድከም። ቀኑን በ25 አስተካክዬ ከባዶ ሠራሁ።

"ማካም ነኝ፣ ሰላም።"

አራት ነጥብ ሁለት። የእጅ መለኪያውም አራት ነጥብ ሁለት። ማንም ሳይነካቸው መቅዘፊያዎቹ ተነሱ።

ኤፕሪል 12

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥያቄ ቀየርኩት። አሁን በእኛ ዓመት ይጠይቃል፣ አርባ ሦስቱን ውስጥ ለውስጥ ራሱ ይቀንስ። አባዬን ወደ ፈረንጅ ዓመት ከማስገባት ሳጥኑን ወደ እኛ ማምጣት ይቀላል። ለፒ ቾት በስልክ ነገርኩት። ሳቁ ሳያልቅ ዘጋሁበት።

ኤፕሪል 13

ሶንግክራን። እንደ በዓሉ ወግ የጃዝሚን አበባ ውሃ በእማዬና በአባዬ እጅ ላይ አፈሰስኩ። የአባዬ ክንድ ገና ሰማያዊ ነው። ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። "እንቅልፍ ይስጥሽ" ብሎ መረቀኝ። እማዬ "ለራስህም ተቀበል" አለችው።

ማታ ግን ምንጣፉን ይዞ ወደ ዳሱ ሄደ።

"እየሠራ እኮ ነው አባዬ።"

"አይቻለሁ። የዋሸ ሰው በአንድ ቀን አይታመንም።"

አልዋሸም ልለው ነበር። ተውኩት። እማዬ እስከ ዳሱ ድረስ ክንዱን ይዛ ሄደች፣ ገፋ አላደረጋትም።

ኤፕሪል 14

ጠዋት ወደ ዳሱ ስመጣ አባዬ ተኝቶ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ኩሬውን ያያል።

"መቅዘፊያውን ላስነሳ ስነሳ ሳጥንሽ ቀደመኝ" አለ።

ኤፕሪል 17፣ 68

የአባዬ ቁጣ ቀሰቀሰኝ። መነኮሳቱ የማለዳ ምጽዋታቸውን ተቀብለው ካለፉ ቆይተዋል፣ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ገብታለች፣ እሱ ደግሞ ገና አልጋው ላይ!

"ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?"

"ስታንኮራፋ ማን ይቀሰቅስሃል" አለች እማዬ።

"መቅዘፊያውንስ? ማን አስነሳው?"

ከኩሬው በኩል የውሃው መናጥ ይሰማል። እሱም ሰማ። ትራሱን አስተካከለና ተመልሶ ተኛ።

ምንጣፉ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። መቼ ይዞት እንደመጣ አልጠየቅኩም።