ቀሪው ለአባላት ብቻ

ጥቅምት 3

ሦስት ነቀላ፣ አንድ ሙሌት። ምራቅ መምጠጫውን ቱቦ ይዤ ቆሜ ዋልኩ። ዶክተሩ በመሃል፣ "ደራሲዋ፣ ወደ ግራ አድርጊው እንጂ፣ ሰውየው ሊሰምጥብን ነው" አለ። ታካሚው አፉን እንደከፈተ ሊስቅ ሞከረ። ደሙ ጓንቴ ላይ ተረጨ።

ክሊኒኩ ውስጥ ስለ ብሎጌ የሚያውቀው ዶክተሩ ብቻ ነው። ስለ መጠበቂያ ክፍላችን የጻፍኩትን አንብቦ "ጥሩ ነው፣ ግን ማን ያነበዋል?" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ከብሎግ ገንዘብ ስለማግኘት ያልሰማሁት ምክር የለም። ማስታወቂያ ለጥፊ አሉ፣ ለጠፍኩ። ስለ አንድ ዕቃ ጻፊ፣ በአንቺ በኩል ለሚገዛው ሁሉ ኮሚሽን ይታሰብልሻል አሉ፣ ስለ ጥርስ ብሩሽ ጻፍኩ። አንድ ሰው ገዛ። መሥራቱን ልሞክር ብዬ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ብሩሹ ግን ጥሩ ነው።

ጥቅምት 9

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ክሊኒክ መጣች። ተራ ሳትይዝ፣ በሻርፕ አፏን ሸፍና።

የፊት ጥርሷ ከመሃል ተሰብሯል። ከንፈሯ ውስጥ የገባ ስባሪ አለ። ዶክተሩ መብራቱን አስተካከለና "ምን አገኘሽ?" አላት።

"በር መታኝ።"

"በሩ ስም አለው?"

እኔን አየችኝ። እኔ ቱቦውን አየሁ።

ስሩን ለማውጣት ጊዜ ፈጀ። ማደንዘዣው በደንብ አልያዘላትም፣ ድዷ አብጦ ነበር። በአንድ እጄ ቱቦውን፣ በሌላው እጇን ያዝኩላት። ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገባ። አንድም ጊዜ አልጮኸችም። እዚህ ወንበር ላይ ስንት ጎረምሳ እናቱን ሲጠራ ሰምቻለሁ... እትዬ ዝም ማለት የት ለመደች?

በሩ ባሏ ነው። በያጁ። ከብየዳ ወርክሾፑ በላይ ነው የሚኖሩት።

ኮሪደር ላይ "ነይ እኔ ጋ" አልኳት።

"መጀመሪያ የሚመጣው አንቺ ጋ አይደለም እንዴ፣ ሚጢጢ? ሁለታችንንም ነው የሚቀብረን።" ሚጢጢ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ዘመድ ቤት ሁሉ ሞክራለች፣ ሁሉም "ቻይው" ብለው ሸኝተዋታል። እሱ የማያውቀው ቤት ያስፈልጋታል። በእኔ ደመወዝ ደግሞ ቤት የሚባል ነገር አይታሰብም።

ጥቅምት 10

ጻፍኩት። ስለ ጥርሱ ብቻ። ስም የለም፣ "አንዲት ሴት" ነው ያልኩት። እጄን እንዴት እንደጨመቀች። ስሩ ሲወጣ ያሰማው ድምፅ። ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ለምን አልተንቀጠቀጠም?

ጥቅምት 12

ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። አስተያየቱ ማለቂያ የለውም። አንዷ፣ "ከሥራ ተደብቄ ሽንት ቤት ሆኜ አነበብኩት" ትላለች። ሌላው፣ "ባልየው በእጄ ቢገባ..."

የማስታወቂያው ሰውዬ ደወለ። የብሎጌን ማስታወቂያ የሚያመጣልኝ፣ እስከ ዛሬ በኢሜይል እንኳ የማይመልስልኝ ሰው።

"እህቴ፣ አንቺ ወርቅ ላይ ተቀምጠሽ ስለ ብሩሽ ታወሪያለሽ እንዴ?"

አሠራሩን አስረዳኝ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ለሁሉም ክፍት ታደርጊያለሽ፣ ቀሪውን ለአባላት ብቻ። ቀኑን አትቀያይሪ፣ ሐሙስ ጠዋት ይሁን። ጽሑፉን ቀደም ብለሽ ትጭኚና ሰዓቱን ትሞይለታለሽ፣ በሰዓቱ ራሱ ይወጣል፣ አንቺ ብትተኚም። አንድ ሐሙስ ከዘለልሽ ግማሾቹ ይሄዳሉ።

"ሰዎቹ የሚከፍሉት አዝነው ነው?" አልኩት።

"ኧረ ባክሽ! ያዘነ ሰው ያለቅሳል፣ አይከፍልም። የሚከፍለው ቀጥሎ ምን ሆነች ብሎ ነው።"

ኪራይ ይሆናል። ሌላ ምንም አላሰብኩም። በፍጹም።

ጥቅምት 20

እትዬ እኔ ጋ መጣች። ሻይ አፈላሁ። ነገረችኝ። ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን የመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ደጋግሞ እንደመታው። ብረቱ እንዴት እንደሚያስተጋባ። አፏ በደም ተሞልቶ መትፋት እንደፈራች፣ ምንጣፉ አዲስ ስለሆነ። ታች ደንበኞች ነበሩ። አንዱ ቀና ብሎ "ሥራ በዝቶባችኋል" ብሎ ቀለደ አሉ።

"በየትኛው እጁ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ፀጉርሽን የያዘው።"

ትክ ብላ አየችኝ። "በግራ" አለች። "በቀኙ አንገቴን።"

ለምን ጠየቅሁ? ... ለምን እንደጠየቅሁ አውቃለሁ። "ከዚያስ?" ስል ድምፄ የአንባቢዎቼን ይመስላል።

ጥቅምት 26

ዶክተሩ የትናንቱን አንብቧል። ጓንቱን እያወለቀ፣ "ያቺ ሴትዮ ምንሽ ናት?"

"ታካሚ።"

"ታካሚ" አለ። መሣሪያዎቹን ራሱ አጠበ። ያ የእኔ ሥራ ነው።

ኅዳር 2

ቤቱ ተገኘ! ከከተማው ዳር፣ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ግቢ። ከፈልኩ። ቁልፉን ለእትዬ ሰጠኋት። ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከጽሑፍ።"

"ከምን ጽሑፍ?"

"ስለ ጥርስ።"

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። "ስለ ጥርስ የሚያነብ ሰው አለ? ሥራ ፈት!" ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆነ... ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። ሳቋን ላበላሽ አልፈለግሁም። ወይም ፈራሁ።

በያጁ ረቡዕ ለመጋዘን በር ተከላ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እዚያው ያድራል። እሱ ሲወጣ ትወጣለች።

ኅዳር 5

የሐሙሱን ጽሑፍ ጨረስኩ። "ወጣች" ይላል። እንዳለቀ ነገር አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ ሐሙስ ሲነበብ አልቆ የለ? ሻንጣው ከታጠበ ልብስ ቅርጫት ሥር። በውጭው ደረጃ በኩል። ኋላዋን ሳታይ።

መግቢያው ላይ ግን ለፋሁበት። በያጁ ራሱ የሠራውን የእትዬን መስኮት ፍርግርግ በቃላት ሣልኩት። ብረቱ እንደ ፈሰሰ ውሃ እየተጠማዘዘ ወርዶ ከታች የሚቋጠርበትን፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ የተዘጋ የሕፃን ጡጫ የሚያክልበትን። ከዚህ ሁሉ ከጻፍኩት ያማረኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ውብ ነገር የሠራ እጅ... ብዬ ጀመርኩ። ክፍት የሚሆነው አንቀጽ እሱ ነው።

ሰዓቱን ሞላሁ። ሐሙስ፣ ጠዋት።

ኅዳር 8

እትዬ ደወለች። አፉ ደም የሞላ ታካሚ ፊቴ ተቀምጧል፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አወራሁ። "አልሄደም። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል። ለሰኞ ነው አሉ።" "እሺ እሺ፣ ሰኞ" አልኳት። "አይዞሽ።"

ዶክተሩ "ቱቦውን!" ብሎ ጮኸብኝ።

ሰኞ ሩቅ አይደለም።

ኅዳር 11

በግራ እጄ ነው። ፊደሉ የእኔ አይመስልም።

ሐሙስ ጠዋት። ስልኬ ጮኸ፣ ጮኸ። አየሁት። "እሰይ! ወጣች!" "እንኳን ለዚህ አበቃት!" "አለቀስኩ፣ በደስታ።" መቶ ሰው እትዬን እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። እትዬ ግን እዚያው ናት።

የሞላሁትን ሰዓት እንዴት ረሳሁት? እንዴት ይረሳል?

ደወልኩ። አታነሳም። ሮጥኩ። ዶክተሩ በጋውኑ ተከተለኝ።

በኋላ ነው የሰማሁት። አንድ ደንበኛ ወርክሾፕ ገብቶ፣ ስልኩ ላይ የመስኮቱን አንቀጽ አሳይቶት፣ "ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ? አድናቂ አገኘህ!" አለው። ያንን ቋጠሮ ከእሱ በቀር የሚሠራ የለም። በያጁ አነበበ። ፈገግ አለ አሉ። መጀመሪያ ኮርቶ ነበር። ከዚያ አባል ሆነ። ከፍሎ ቀሪውን አነበበ።

ቅርጫቱን ገለበጠው። ሻንጣውን አገኘ። ምን እንዳደረጋት... መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እሱን ብቻ ልጻፍ።

ስንደርስ በያጁ ውጭ ደረጃው ላይ ተንበርክኮ ነበር። ጭንብሉን አድርጎ። የቤቱን የብረት በር ከክፈፉ ጋር ይበይዳል። እሷ ውስጥ ናት። ብልጭታው ደረጃው ላይ ይዘንባል። ጎረቤት ታች ቆሞ ያያል።

ደረጃውን ወጥቼ "ተው!" አልኩ። ጭንብሉን ገፋ አደረገ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"ደራሲዋ መጣሽ? ወጣች አላልሽም እንዴ? የት አለች?"

ቀኝ እጄን ያዘ። የደረጃው አናት ላይ የብረት መዝጊያ አለ። ጣቶቼን ማጠፊያው ላይ አስገብቶ በእግሩ ረገጠው። አንዴ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ የጥርስ ስር ሲሰበር የሚያሰማው ነው። "ይሄንንም ጻፊው" አለኝ። እንደገና ረገጠው።

ከተበየደው በር ኋላ እትዬ፣ በተሰበረ አፏ፣ "እጇን ልቀቅ! እኔን ነው የምትፈልገው፣ እጇን ልቀቅ!"

ለእኔ። ለእኔ ነበር የምትጮኸው።

ዶክተሩ አንገቱን አነቀው። ሁለቱም ደረጃውን ተንከባለሉ። ያኔ ነው ጎረቤቱ የነቃው። በያዘው ነገር ሁሉ ወረደበት፤ በአካፋ፣ በጫማ። ፖሊስ ባይመጣ ኖሮ ይገድሉት ነበር። እኔም ልገድለው ፈልጌ ነበር። ልብ ብዬ ነው የምጽፈው።

በሩ አልከፈት አለ። ጎረቤታቸው ግንበኛው አንዴ በመዶሻ ሞከረውና ተፋበት። "በሩ የእሱ ሥራ ነው፣ አይበገርም። ግድግዳውን ግን እሱ አልሠራውም።" ጡቡን አፈረሰው። እትዬ በቀዳዳው ወጣች። አቧራና ደም ብቻ ነበረች።

ኅዳር 14

ሆስፒታል። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል። በያጁ ታስሯል። እትዬ ስልኬን ተቀብላ ሁሉንም አነበበች፣ ከጥርሱ ጀምሮ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

በታሰረ ጥርሷ መሃል፣ አንድ አንድ ቃል እያወጣች፦ "ጥርሴን... በስንት... ሸጥሽው?"

"ለኪራዩ ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ጠየቅሽኝ?"

በግራ እጄ አንሶላዋን አስተካከልኩ።

"በየትኛው እጁ... ብለሽ ነበር።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከኮሪደሩ ስወጣ የማስታወቂያው ሰውዬ ደወለ። እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። "አይዞሽ፣ ፈጣሪ ያተርፋል። ፎቶ ግን አለሽ?" ዘጋሁበት።

ኅዳር 22

ወደ አዲሱ ቤት ገባች። ፍራሹን አብረን ዘረጋን፣ እሷ በሁለት እጅ፣ እኔ በአንድ። ብሎጉን ልዘጋው እንደሆነ ነገርኳት። ይቅር የምትለኝ መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

"በማን ፈቃድ?"

"ምን?"

"ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው? አንቺ በአንድ እጅሽ?" ሽቦው ድምጿን ያፏጨዋል። "የተሸጠው የእኔ ነው። ሱቁም የእኔ ነው። መክፈቻውን ስጪኝ።"

የይለፍ ቃሉን ነገርኳት። ወዲያው ቀየረችው። ስትቀይር ስልኩን ከእኔ ዞር አደረገችው።

"ሚጢጢ" አላለችኝም። ዛሬ አንዴም።

ታኅሣሥ 7

ቱቦ መያዝ አልችልም፣ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። አሁን ስልክ አነሳለሁ፣ ተራ እሰጣለሁ። ዶክተሩ ደህና ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ደራሲዋ ማለት ትቷል።

ሐሙስ ነው። ጠዋት ሲገባ ስልኩን እያነበበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። ገባኝ።

ታካሚ እስኪመጣ ከፈትኩት። የእትዬ የመጀመሪያ ጽሑፍ። ከእኔ ይሻላል፣ መዋሸት አልችልም። አጭር አጭር ነው የምትጽፈው፣ አፏ የፈቀደላትን ያህል። እንዲህ ይጀምራል፦

"ባሌ እንዴት እንደሚመታኝ ታውቃላችሁ። አንብባችኋል። ዛሬ ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ጥርሴ ሲነቀል እጄን ይዛልኝ ነበር። ሕመሜን ልትካፈል መስሎኝ አጥብቄ ጨመቅኳት። ኋላ እንደገባኝ ግን ያን ጊዜ እሷ..."

እዚያ ላይ ይቆማል። ከሥሩ፦ ቀሪውን ለማንበብ አባል ይሁኑ።

እሷ ምን? ያን ጊዜ እኔ ምን ሳደርግ ነበር?

በሩ ላይ ታካሚ መጣ፣ ጉንጩን ይዞ። "ይቀመጡ፣ አንዴ" አልኩት።

በግራ እጄ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ከፈልኩ።