የ«ሽፍቶቹ» መሪ ድምፃዊት ሀብትነሽ አድማሴን በሞት ስለማጣታችን

ለማኅበራችን አባላት፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያው ለምትገኙ ወዳጆቻችን፣ እንዲሁም በየሠርጉና በየበዓሉ ግጥም ስትሰጡን ለኖራችሁ ሁሉ፤

የ«ተቀበል» የድምፃውያንና የመሰንቆ ተጫዋቾች ማኅበር መሥራችና የበላይ ጠባቂ የነበሩት ድምፃዊት ሀብትነሽ አድማሴ፣ ባደረባቸው የጉሮሮ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ቡሬ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት ተፈጽሟል። የማኅበራችን ሐዘን ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ይህን መግለጫ ስናዘጋጅ ምስጋናችን ከሐዘናችን እየቀደመ አስቸግሮናል፤ አንባቢም እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

ድምፃዊት ሀብትነሽ በ1957 ዓ.ም. በሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ። ዘፈን ያስተማራቸው አጨዳና ሠርግ ነው። በ1976 ዓ.ም. የኪነት ቡድን አባል ሆኑ፤ እዚያም ከመሰንቆ ተጫዋቹ ከአቶ ዘሚካኤል ላቀው ጋር ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ያለ አቶ ዘሚካኤል መሰንቆ መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። የማያውቅ ሰው ባልና ሚስት ሲላቸው ባለቤታቸው አቶ አሸናፊ ከማንም በላይ ይስቁ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የኪነት ቡድኑ ባመቻቸው ግንኙነት አንድ የከተማ ማሳተሚያ ቤት ካሴት ሊያሠራቸው ጠራቸው። እንደሚታወቀው በአገራችን ልማድ ዘፋኝ ብቻውን አይዘፍንም፤ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል። ማሳተሚያ ቤቱ ግን መሰንቆውን አስቀርቶ ኪቦርድ አስገባ፤ የሰዉን ግጥምና ጭብጨባም ጫጫታ ነው ብሎ ቆርጦ ጣለው። ድምፃዊት ሀብትነሽ የተቀዳውን አዳምጠው፣ «ይቺ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሳይጠብቁ ሥራውን ግማሽ ላይ ትተው ቡሬ ገቡ። የቡድኑ ኃላፊ ተመልሰው እንዲጨርሱ ቢያዝዙም እምቢ አሉ፤ ከአቶ ዘሚካኤልና ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ከቡድኑ ወጡ።

በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላም የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩት፣ የፈረንጅ ገጠር ዘፈን፣ ማለትም የካንትሪ ካሴት ሰብሳቢ በመሆናቸው የሚታወቁት መምህር ይታገሱ አንድ ነገር አጫወቷቸው። አሜሪካም ውስጥ የገጠር ዘፋኞች ነበሩ፤ የማሳተሚያ ቤት አለቆች የሚዘፍኑትንም የሚያጅባቸውንም እየመረጡ አስቸገሯቸው፤ እነሱም የራሳችንን ዘፈን ከራሳችን ሰዎች ጋር ካልሆነ አንሠራም ብለው ወጡ፤ በዚህም ሽፍቶች ተባሉ። ድምፃዊት ሀብትነሽ ዘፈኖቹን አዳመጡ። ቋንቋውን ባይሰሙም ያዘነና የኮራ ድምፅ እንደሆነ ገብቷቸዋል። «ይታገሱ፣ ለካ እኛ ብቻ አይደለንም!» ማለታቸውን መምህሩ እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ እላያችን ላይ ቀረ፤ የወደደውም የተቀየመውም «ሽፍቶቹ» እያለ ይጠራን ጀመር።

በአገራችን የሸፈተ ሰው በሽማግሌ ይገባል። የቡድኑ ኃላፊም ወጉን ጠብቀው በ1993 ዓ.ም. በቄስ ወልደ ዮሐንስ የሚመሩ ሽማግሌዎች ላኩ። ሽማግሌዎቹ ድምፃዊቷን ያገኟቸው ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ አንድ ሠርግ ዳስ ውስጥ እየዘፈኑ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ብለው ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ግጥም ሰጡ፤ ሁለተኛው ተከተሉ፤ ዘፈኑም ሳያልቅ መሸ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ግጥም አለመስጠታቸውን ለእውነት ስንል እንመዘግባለን፤ ይሁን እንጂ ከዳሱ አልወጡም።

በማግስቱ ለእርቅ ሲቀመጡ ቄሱ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ግቢ፤ ሰውም አይማሽ» አሏቸው። እሳቸውም፣ «አባ፣ እገባለሁ እንጂ ምን ከፋኝ። ከመሰንቆዬና ከሰዉ ግጥም ከለያችሁኝ ግን የገባሁት እኔ አይደለሁም» ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹም ለዳኝነት የመጡ ሰዎች ናቸውና ዳኙ። ድምፃዊቷ በበዓላት ከቡድኑ ጋር እንዲዘፍኑ፤ በሌላ ጊዜ ግን እንደ ልማዳቸው እንዲዘፍኑ፣ ሲቀዱም መሰንቆው እንዳይወጣ፣ ሰው የሰጠው እንዳይቆረጥ ወሰኑ። የቡድኑ ኃላፊም እሺ ብለው ታረቁ። ማኅበራችን የቆመው በዚህ እርቅ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ማኅበሩ በይፋ ሲመሠረት ድምፃዊት ሀብትነሽ የመጀመሪያዋ ሰብሳቢ ሆኑ።

በ2003 ዓ.ም. በዱርቤቴ የገበያ ቀን የመጀመሪያው ሥራችን ተቀዳ። በውስጡ የበሬ ጩኸትና የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ይሰማል። ጨዋ ሰዎች ቅር ብሏቸው ነበር፤ ገበያተኛው ግን የራሱን ድምፅ እየለየ ቅጂውን ገዛልን።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣት ዘፋኞችን አስተምረዋል። በማስተማር ቁጡ ነበሩ፤ ግጥም የሰጠውን ሰው ዓይን ሳያይ የሚዘፍን ተማሪ አይምሩም። ዛሬ ከቡሬ እስከ መራዊ በየመድረኩ የምታዩአቸው አብዛኞቹ በዚያ ቁጣ ያለፉ ናቸው፤ ሁላችንም እናመሰግናቸዋለን።

በ2016 ዓ.ም. ሕመሙ ድምፃቸውን ወሰደው። መሪነቱን ለልጃቸው ለድምፃዊት ሥርጉት አሸናፊ አስረክበው እንደማንኛውም አድማጭ ከሰዉ መካከል መቀመጥ ጀመሩ። ባለፈው ዓመት በቆጋ፣ የስንዴ አጨዳ ሲያበቃ በተቀዳው ሥራ ላይ እጃቸውን አንሥተው፣ በቀረቻቸው ትንሽ ድምፅ ለልጃቸው ይህን ሰጡ፦

እኔስ ዝም ብያለሁ ጉሮሮዬ ዝሎ፣
ቀሪውን በሉልኝ ሰው ከሰው ተቀብሎ።

ሥርጉት ተቀብላ ዘፈነችው፤ ሰዉም ከእሷ ተቀበለ።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለአቶ አሸናፊ፣ ለድምፃዊት ሥርጉት፣ ለአቶ ዘሚካኤልና ለወዳጆቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን እንዲሰጥ፣ የእሳቸውንም ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ እንዲያኖር ይለምናል። ይህችን ሴት ለእኛ ስለሰጠን ደግሞ ሳናመሰግነው አናልፍም።

የቆጋው ቅጂ የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ ለሕዝብ ይወጣል። አድማጮቻችን አስቀድመው እንዲያውቁት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ከግጥሙ ቀጥሎ ረዘም ያለ ሳል ይሰማል። የድምፅ ባለሙያው በቅንነት ላውጣው ወይ ብሎ ጠይቆን ነበር። አቶ ዘሚካኤል፣ «ተዉት፤ እሱንም የሰጠችን እሷ ናት» አሉ።

አልቆረጥነውም።

የ«ተቀበል» የድምፃውያንና የመሰንቆ ተጫዋቾች ማኅበር
ቡሬ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.